ሁሉም ዋልያ ይዞ የመጣ ዕለት

ከሁሉ አስቀድሜ ያን ዕለት የነበርነውን ልዘርዝር። ኋላ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ማጋነን ትወዳለች» እንዳትሉኝ ምስክሮቼን ከነስማቸው ላስቀምጥ ብዬ ነው።

እኔ ነበርኩ፣ ስንዱ። ልጄ ትርሲት ነበረች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ስምንተኛን ጨርሳለች። ጓደኛዋ ፈንታነሽ ነበረች፤ ከተራራው ላይ የአምባራስ መንደር ልጅ ናት፣ ለትምህርት ደባርቅ መጥታ ከሦስት ሴት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር። ልጆቹ ጋሼ የሚሉት ሙላት ነበረ፤ ድሮ አስጎብኚ፣ አሁን እንግዳ የራቀው የአንድ ሎጅ ጠባቂ፣ ለልጆቻችን ደግሞ የካርድ ጨዋታው ፈጣሪም ዳኛም። የኔታ ጥበቡ ነበሩ፤ ጎረቤታችን፣ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው የመጡ። ዘውዴ ነበረች፤ የይታየው እናት፣ በደባርቅ ካሉ ፈሪ እናቶች ሁለተኛዋ። (አንደኛዋ ማን እንደሆነች እየቆየ ይገባችኋል።) ይታየው ራሱ ነበረ። የየኔታን የልጅ ልጅ ጨምሮ ሌሎች አምስት ልጆች ከነእናቶቻቸው ነበሩ። በመጨረሻም የሎጁ ድመት ነበረች፤ ከሁላችን ቀድማ ሰልችቷት የወጣችው እሷ ናት።

እንግዲህ ምስክር ካቆምኩ ልናገር። የልጅን ጨዋታ እንደ እናት የሚያበላሽ ፍጥረት የለም! ተቆጣችሁ? ተቆጡ። እኔም መጀመሪያ ሲነገረኝ ተቆጥቼ ነበር። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ፍረዱ።

ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ለሙላት አንድ እሽግ ካርድ ትቶለት ሄደ። እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለበት፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ሰይፍ የያዘች ሴት አለችበት፣ ጽሑፉን ግን ከእኛ የሚያነበው የለም። ከዚያ እንግዳ ጠፋ። አስጎብኚ ደግሞ ስለ ተራራው የሚነግረው ሰው ካጣ ያመዋል መሰለኝ፣ ሙላት ቁጭ ብሎ የራሳችንን አገር በካርድ ይሥል ጀመር። ዋልያ ሣለ። ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጅብራ የሚባለውን የተራራ ተክል፣ ገደል፣ ውርጭ፣ ጉም፣ በቅሎ፣ ጠመንጃ ያነገተውን የፓርኩን ጠባቂ ስካውትንም ሣለ። «ጫማው የተቀደደበት እንግዳ» የሚል ካርድም አለ፤ እሱ የወጣበት ተጫዋች አንድ ዙር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እኔ መጀመሪያ «ልጆቹ ካርድ ይጫወታሉ» ሲሉኝ ልቤ ቀጥ አለች። ቁማር መስሎኝ! ነጠላዬን አጣፍቼ የኔታ ዘንድ ሮጥኩ።

«የኔታ፣ ልጄን ካርድ አስለመዱብኝ!»

«ምን ያለበት ካርድ ነው?»

«ጭላዳ።»

«ጭላዳ ያለበት ኃጢአት በየትም መጽሐፍ አላየሁም» ብለው ሸኙኝ።

ሕጉ ቀላል ነው። ካርዱ ብዙ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ከዚያ ውስጥ የወደደውን ሃያ መርጦ በላስቲክ ያስራል፣ ጥቅል ይሉታል። ከዚያ ሁለት ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ተራ በተራ ያወጣል። አንዱ ካርድ ሌላውን ያባርራል፣ አንዱ ሌላውን ይሸከማል፣ አንዱ ሌላውን ያሳስተዋል። ጠረጴዛው ላይ ካርድ ያለቀበት ተሸነፈ። የጎደለውን ከጓደኛ ጋር ይለዋወጣል፤ «ሁለት ጭላዳ ለአንድ ቀበሮ!» «ቀበሮህ ጆሮው ተቀድዷል፣ አንድ ጭላዳ ይበቃዋል!» እያሉ። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሎጁ ምግብ ቤት ውድድር ነበር። ያ የቀዘቀዘ አዳራሽ እንደዚያ ሲሞቅ እንግዳ በነበረበት ዘመን እንኳ አይቼው አላውቅም።

ምክንያቱም የሁሉም ጥቅል የየራሱ ነበር! የየኔታ የልጅ ልጅ ጭላዳ ብቻ ሃያ ያስር ነበር። ጭላዳዎቹ በመንጋ ይመጣሉ፣ የባላጋራን ሣር ይነቅላሉ፣ ሌላ ምንም አያደርጉም። የእኔዋ ትርሲት በቅሎ ወደደች። በቅሎ አትጣላም፤ ሌላ ካርድ ጀርባዋ ላይ ጭና ከአደጋ ታወጣለች። «ምነው የሚዋጋ ነገር ብትይዢ?» ስላት «እማዬ፣ ማን ይሸከም ታዲያ?» አለችኝ።

ፈንታነሽ ደግሞ ጉም ነበረች። አይ ያቺ ልጅ! የጉም ካርድ የወጣ እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ በጀርባው ይገለበጣል፣ ከዚያ ወዲያ በግምት ነው። ቀበሮው የገዛ ወገኑን ይነክሳል። ስካውቱ እንግዳውን ሌባ ነው ብሎ ይይዛል። ፈንታነሽ ደግሞ ዝም ብላ አትጫወትም፤ የአምባራስ ሽማግሌ ድምፅ አውጥታ «ማነህ አንተ? የማን ልጅ ነህ? ብትሩን አስቀምጥና ተናገር!» እያለች የተገለበጠውን ካርድ ትመረምራለች። አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። ግን በሷ ጠረጴዛ ዙሪያ የእግር መቆሚያ አይገኝም ነበር። ቤት ውስጥ አፏን ፈትቶ ማናገር የሚከብደኝ ትርሲት እንኳ ከሷ ጋር ስትሆን ሆዷን ይዛ ስትስቅ ሳይ፣ ይቺን ልጅ ከየት አመጣልኝ እል ነበር። ፈንታነሽ የቤት ኪራዩና ብቸኝነቱ ከብዷት «ዘጠነኛን አልማርም፣ አገሬ እገባለሁ» ስትልም፣ ከመስከረም ጀምሮ ከእኛ ጋር እንድትኖር ተስማማን። አልጋው ከትርሲት አልጋ ጎን ተዘርግቷል።

ይህ ሁሉ መልካም ነበር... ይታየው እስኪፈላሰፍ ድረስ!

ይታየው የዘውዴ ልጅ አንድ ቀን አሥር ዋልያና አሥር ገደል አስሮ መጣ። ዋልያ ገደል ላይ ከወጣ ማንም አይደርስበትም። ቀበሮ አይደርስበትም፣ ስካውት አይደርስበትም፣ ጉምም ቢመጣ ዋልያው ካለበት ንቅንቅ ስለማይል አይሳሳትም። ይታየው ዋልያውን ገደል ላይ ያቆምና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ባላጋራው ካርዱን ሲጨርስ ይነሣል። አራት እሁድ አከታትሎ አሸነፈ!

ዘውዴንማ ማን ይቻላት! ገበያ መሀል ድንች እየመረጠች «የእኔ ልጅ እኮ ዋልያውን ገደል ላይ አቁሞ ሻዩን ይጠጣል!» ትለኝ ጀመር። ድንቹን የምትሸጠው ሴት ሁሉ ይህን ሰምታለች።

በሚቀጥለው እሁድ ዋልያ የያዙት ሁለት ሆኑ። በሚቀጥለው አራት። መለዋወጥ ቀረ፤ ጭላዳ በነፃ ቢሰጡትም የሚቀበል ጠፋ። ፈንታነሽ ጉሟን ታወጣለች፣ ዋልያው ዝም። በሽማግሌ ድምፅ ትጠይቀዋለች፣ ዋልያው ዝም። የያዘው ልጅም ዝም። ተመልካቹ አንድ በአንድ ወደ ደጅ።

ትርሲትም ሁለት እሁድ አከታትላ ተሸነፈች። ሁለተኛው እሁድ ወደ ቤት ስትገባ አፍንጫዋን እየሳበች ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም» አለች። እናት «ምንም» ሲሏት ምን እንደምትሰማ ታውቃላችሁ። ልጄ ተሸንፋ እያለቀሰች ነው! ልጄ በሰው ፊት ተዋርዳለች! ከዚህ ወዲያ ከሰው ጋር አትጫወትም፣ አትስቅም፣ አታገባም...

ጉንፋን ነበር። በማግስቱ እኔንም ያዘኝ። ግን ያን ጊዜ ልቤ ወስኖ ነበር።

ሁለቱ ልጆች ለሰኔ የመጨረሻ እሁድ አንድ ነገር እያዘጋጁ ነበር። ፈንታነሽ በማግስቱ ሰኞ ለክረምት ወደ አምባራስ ልትወጣ ነው፤ ከመውጣቷ በፊት በቅሎና ጉም ይጋጠሙ አሉ። በሙላት ሕግ በቅሎ በጉም ውስጥ መንገድ አትስትም፤ ይህንን ደግሞ ከልጆቹ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። እና ሁለቱ ተመካክረው፣ አንዷ ለሌላዋ የሚሆን፣ በዚያ አዳራሽ ታይቶ የማያውቅ ጨዋታ አሰናዱ። ሦስት ሳምንት ሠሩበት። ጥቅሎቹን በወረቀት ጠቅልለው በክር አሰሩ፣ «ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት እስክንከፍተው ማንም አይነካውም» ብለው ቃል ተገባቡ። ይህን ሁሉ ትርሲት በአፏ ነግራኛለች። ስለዚህ አላውቅም ነበር ብዬ አላመልጥም።

እኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው። ትርሲት ያንን በቅሎዋን ይዛ ትገባለች፣ ከፈንታነሽ በፊት ወይም በኋላ ከአንድ ዋልያ ጋር ትጋጠማለች፣ ትሸነፋለች፣ አፍንጫዋን ትስባለች። ይህን እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

ቅዳሜ ትርሲት ፀጉሯን ልትሠራ ጎረቤት ስትሄድ፣ ጃንጥላዬን ይዤ (ፀሐይ ነበር፣ ግን ማን ያውቃል) ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ሙላት የካርዶቹን ዋና ሥዕል እዚያ አስቀምጧል፤ የፈለገ ያስባዛል። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሸፍኜ ገባሁ። የምትሠራው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ስንዱ፣ እንደምን ዋሉ? አሥር ዋልያ አሥር ገደል ነው?»

«እ... እንዴት አወቅሽ?»

«ቆርጬ አስቀምጫለሁ። እዚያ ከመስኮቱ ሥር።»

ከመስኮቱ ሥር ሦስት የታሰሩ ጥቅሎች ተደርድረዋል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ! እኔ ግን ምን አልኩ? «እንዴት ያለች ቀልጣፋ ልጅ ናት» አልኩና አንዱን ጉያዬ ከትቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የትርሲትን ክር ፈታሁ። በቅሎዎቹን አወጣሁ፤ አንዷን በቅሎ ስሟን ጽፋባታለች፣ «ታጋሽ» ይላል። አበስኩ ገበርኩ! እንደዚያም ሆኖ አላቆምኩም። ዋልያዎቹን ከተትኩ፣ እንደነበረው ጠቀለልኩ፣ ክሩን በዚያው ቋጠሮ አሰርኩ። በቅሎዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አኖርኳቸው። እርጥበት እንዳይነካቸው ብዬ ሁለተኛ ጨርቅ ደረብኩባቸው። ልጄን ከድቼ ለካርዷ ስጠነቀቅ እዩኝ እስቲ!

እሁድ ደረሰ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ተቀመጡ። ጥቅላቸውን ፈቱ። ዋልያ በዚህ፣ ዋልያ በዚያ። ገደል በዚህ፣ ገደል በዚያ። ሁለቱ ዋልያዎች በየገደላቸው ቆመው ይተያዩ ጀመር። ማንም ማንንም አይነካም። ካርዱ ሁሉ ወጥቶ አለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ሃያ ዋልያ ቆሞ ቀረ። ሙላት ራሱን አከከ፣ የሚለው ቢያጣ ክብሪት ሰብሮ ዕጣ አወጣ።

ሌሎቹ ሁለት ተቀመጡ። ዋልያ በዚህ፣ ዋልያ በዚያ። ዕጣ።

ሦስተኛዎቹ ዋልያ፣ ዋልያ። የየኔታ የልጅ ልጅ እንኳ፣ ያ ጭላዳ አፍቃሪ፣ ጥቅሉን ፈቶ ዋልያ ሲያይ እንደ ደነገጠ አየሁት። አፉን ከፈተ፣ እናቱን አየ፣ መልሶ ዘጋው። ድመቷ የወጣችው ያን ጊዜ ነው።

የኔታ ከእንቅልፋቸው ነቅተው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሙላት፣ እነዚህ ልጆች አብረው እያጠኑ ነው?»

«አይ የኔታ፣ እየተጋጠሙ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«እርስ በርሳቸው።»

«አንዱ ከሌላው በምን ይለያል?»

ሙላት አየት አደረጋቸው። «በሹራብ» አለ።

የኔታ በትራቸውን ተደገፉ። ቀጥለው ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «በእኛ ጉባኤ ቤት» አሉ፣ «ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ደግሞ ይዞት የመጣ ተማሪ ይሣቅበታል። የባልንጀራውን ይዞ የመጣማ... ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ውሎ ያድራል። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይባልም። እነዚህ ግን ስምንት ሆነው አንድ ቅኔ ነው የያዙት።»

እኔ በዚህ መሀል ላብ አጥምቆኛል። ስምንት አይደሉም የኔታ፣ ልል አሰብኩ። ሰባት ናቸው። ስምንተኛዋ ጉም ይዛለች። እና ያቺ ጉም የያዘች ልጅ አሁን ከልጄ ፊት ልትቀመጥ ነው።

እነሱን ሙላት፣ ስለ ለመኑት፣ መጨረሻ ላይ አድርጓቸው ነበር። ፈንታነሽ የታጠበ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጥርሷ ገና ከአሁኑ ተገልጧል። «ዛሬ ሆዳችሁን ያዙ!» አለች ለተመልካቹ። ሰው እየተጎተተ ተሰበሰበ። ደጅ የወጡት ተመለሱ። ዘውዴ እንኳ ወንበሯን አስጠጋች። ሁሉም የናፈቀው ይኸው ነበር ለካ!

ተነሽና ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ነጠላዬን አስተካክዬ እዚያው ተቀመጥኩ።

ፈንታነሽ ክሯን ፈታች፣ የመጀመሪያ ካርዷን አወጣች። ጉም። አዳራሹ ገና ካሁኑ ሳቀ። «በይ ትርሲ፣ በቅሎሽን አምጪያት! ማናት እሷ? የማን ልጅ ናት?» አለች በዚያ በሽማግሌ ድምፅ።

ትርሲት ክሯን ፈታች። ወረቀቱን ገለጠች።

ዋልያ።

ሁለተኛውን አየች። ዋልያ። ሦስተኛውን። ገደል። እጇ ቆመ።

«ትርሲ... አንቺም?» አለች ፈንታነሽ። የሽማግሌው ድምፅ ጠፍቶ የራሷ ቀጭን ድምፅ ነበር የወጣው።

«እኔ አይደለሁም! እኔ... በቅሎዎቹን ነው ያሰርኩት፣ ልሙት!»

«ክሩ እኮ አልተፈታም። ቋጠሮው ያንቺ ነው።»

አያችሁ? ያ የተጠነቀቅኩበት ቋጠሮ!

ትርሲት ዞራ ሰዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየች፣ እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጅ እናቱን ያውቃል። አሁን ነው መናገር፣ አሁን! አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ምን ይመስላችኋል?

«ዝናብ ሊመጣ ነው... ልብስ አስጥቻለሁ።»

ሰው ሁሉ ሰማኝ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ፈንታነሽ ጉሟን ሰበሰበች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ላስቲኳን አሰረች፣ «ጋሼ ሙላት፣ ተሸንፌያለሁ፣ ይጻፉልኝ» ብላ ተነሣችና ወጣች። ትርሲት «ፈንቲ! ፈንቲ!» እያለች ተከትላት ሮጠች።

የዚያን ጊዜ አንደበቴ ተፈታ። ተነሥቼ «እኔ ነኝ!» አልኩ። «በቅሎዎቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሣጥኔ ውስጥ ናቸው፣ በሁለት ጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ!»

ከዚያ ከኋላ አንዲት እናት በቀስታ «የእኔን ልጅም... እኔ ነኝ» አለች። «እኔም» አለች ሌላዋ። የየኔታ ምራት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ጭላዳዎቹ ምድጃ አጠገብ ናቸው፣ ምንም አልሆኑም» አለች። ልጁ ሰማ።

«እማዬ! ሃያዎቹም?»

«ሃያዎቹም ልጄ።»

«አምላኬ ሆይ!» አለ የስምንት ዓመቱ ልጅ፣ ልክ እንደ አያቱ።

ዓይናችን ሁሉ ዘውዴ ላይ አረፈ። እሷ እንኳ ንጹሕ ናት፣ ዋልያው መጀመሪያም የልጇ ነው። ይታየው ግን ተነሣ። «እኔ ዋልያው ከሰለቸኝ ወር አለፈኝ» አለ። «ውርጭ ልሞክር ስላት "አሸናፊ ነህ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ" አለችኝ። አንድ ሰው እንዲያሸንፈኝ ጸልያለሁ።»

«ይታየው!» አለች ዘውዴ።

«ጸልያለሁ እኮ ነው የምልሽ!»

አሁን ገባችሁ? እኛ እናቶቹ፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን፣ ነጠላችንን እስከ አፍንጫ ሸፍነን፣ አንዱን የፎቶ ኮፒ ቤት በር ስናንኳኳ ነበር የሰነበትነው። ልጆቻችን የተለያየ ነገር አስበው ነበር። እኛ ግን እንዳይሸነፉብን ፈርተን ሰባቱን አንድ አደረግናቸው፤ ሰባቱም አንድ ላይ ተሰላቹ።

የኔታ በትራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱ። «ሙላት፣ ጻፍ። ያሸነፈ ጥቅል በሚቀጥለው እሁድ አይመጣም። ያሸነፈ ልጅ አዲስ አስቦ ይምጣ፣ እንደ ቅኔ።»

«የኔታ፣ ያላሸነፈስ?» አለ አንዱ ልጅ።

«ያላሸነፈማ ነፃ ነው፣ እንደ ወደደ ይሁን።»

«እናቶችስ?» አለ ይታየው።

የኔታ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩን። «እናቶች» አሉ፣ «ከበሩ ውጭ።»

እንዲህ ሆነና እስከ ዛሬ ከበሩ ውጭ ነን። በየእሁዱ ሰባት እናቶች በረንዳው ላይ ተደርድረን በመስኮት እናንጋጥጣለን። ሳቁ ተመልሷል። ባለፈው እሁድ ይታየው በጅብራና ጫማው በተቀደደበት እንግዳ ብቻ ተጫውቶ እንደ ጉድ ተሸነፈ፣ ዘውዴ አጠገቤ ቆማ «ምን ሆኖ ነው እንዲህ ጥርሱ የማይከደነው?» አለችኝ። ሥራ ይቀንስባታል ብዬ የፈራሁት ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሷም ቢሆን አሁን የሁሉንም ዓይነት ካርድ ታባዛለች፣ የበለጠ እንጂ ያነሰ አልደከማትም።

የእኔ ግን አልተቃናም። ያን ዕለት ትርሲት ብቻዋን ተመለሰች። ፈንታነሽ ክፍሏ ገብታ ዕቃዋን ይዛ፣ ሰኞ ያለችውን ትታ፣ ወደ ላይ የሚወጣ አይሱዙ አግኝታ በዚያው ሄዳለች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች «ምንም አላለችም» አሉን። «ምንም!» ይኸው ደግሞ ያ ቃል።

በአባቷ ስልክ ደወልኩ፤ አይሠራም። በማግስቱም፣ በሣልስቱም። ለአንድ ባለ በቅሎ ደብዳቤ ሰጠሁት፤ ተመልሶ «ጉም ስለነበር መንደሩን አልፌው ሄድኩ» ብሎ ደብዳቤዬን እንደታጠፈ መለሰልኝ። በቡይት ራስ በኩል ለሚያልፍ ስካውት አደራ አልኩ፤ «በአምባራስ ፈንታነሽ የሚባሉ ልጆች ብዙ ናቸው፣ የትኛዋ?» አለኝ። «የምታስቀው» አልኩት። «ጠይቄ አመጣለሁ» እንዳለኝ ነው፣ እስካሁን አልመጣም።

ትርሲት አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔን «እማዬ» ትላለች፣ ውኃ ታመጣለች፣ ትታዘዛለች። እሁድ እሁድ ግን ወደ ሎጁ አትሄድም። በቅሎዎቹን ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጥቻታለሁ፤ ተቀብላ አጠገቧ ካለው ባዶ አልጋ ላይ አስቀመጠቻቸውና እዚያው ናቸው። ሐምሌ እየገፋ ነው፣ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባም ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ይህን አምድ የምታነቡ፣ በተለይ ወደ ላይ የምትወጡ አስጎብኚዎች፣ ባለ በቅሎዎች፣ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች... እባካችሁ። በአምባራስ ስምንተኛን የጨረሰች፣ ቀጭን፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት፣ የሽማግሌ ድምፅ የምታወጣ ፈንታነሽ የምትባል ልጅ አለች። ካርዱን የቀየርኩት እኔ እንጂ ትርሲት እንዳልሆነች ንገሩልኝ። ደህና ናት ወይ? በመስከረም ትመጣለች ወይ? ያያት ሰው ለሎጁ ጠባቂ ለሙላት ይንገርልኝ፤ እሱ ያደርስልኛል።